የቪዲዮ ድልድይ ቺፕ በዲቫይስ ትሪ፦ የትእዛዝ መንገድና የምስል መንገድ

«ቺፑን በአይ-ቱ-ሲ ሥር ጽፌዋለሁ፤ ታዲያ ስክሪኑ ለምን ጨለመ?» የሚለው ጥያቄ በቡድናችን ስለተደጋገመ ነገሩን ላብራራ። የድልድይ ቺፕ የፕሮሰሰሩን ምስል ስክሪኑ ወደሚቀበለው ዓይነት የሚቀይር ቺፕ ነው፤ አይ-ቱ-ሲ ደግሞ ቺፖች ትእዛዝ የሚለዋወጡበት የመገናኛ መስመር ነው።

የዩኤስቢ መሣሪያ ሲሰካ ማንነቱን ራሱ ይናገራል። ቦርድ ላይ የተበየደ የድልድይ ቺፕ ግን ዝም ይላል፤ የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ስለ እሱ የሚያውቀው በዲቫይስ ትሪ፣ ማለትም የቦርዱን ክፍሎች በሚዘረዝረው ፋይል፣ የጻፍንለትን ነው። የቺፑ ኖድ (በፋይሉ ውስጥ ስለ ቺፑ የተጻፈው ክፍል) በማን ሥር እንደተቀመጠ የሚናገረው ትእዛዝ በየት በኩል እንደሚደርሰው ነው። ምስሉ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚያልፍ የሚገልጹት ፖርቶቹ፣ ማለትም በኖዱ ውስጥ የሚጻፉት የምስል መግቢያና መውጫዎች ናቸው። ትእዛዝና ምስል በተለያየ መንገድ ሲመጡ አንዱ ሌላውን አይተካም!

ኤስኤን65ዲኤስአይ83 የተባለውን ቺፕ እንውሰድ። በዲኤስአይ (ፕሮሰሰሩ ምስል በሚልክበት መንገድ) የመጣ ምስል ተቀብሎ ወደ ኤልቪዲኤስ (ስክሪኑ ምስል ወደሚቀበልበት ዓይነት) ይቀይራል። ትእዛዙን በአይ-ቱ-ሲ ስለሚቀበል ኖዱ እዚያ ሥር ይገባል። ከዚያ ፖርት 0 ከፕሮሰሰሩ የዲኤስአይ መውጫ ጋር፣ ፖርት 2 ደግሞ ከስክሪኑ ጋር ይያያዛል። የሚያያይዛቸው ሪሞት-ኤንድፖይንት የተባለው የፋይሉ መስመር ሲሆን ከሁለቱም ወገን ይጻፋል፦ ፕሮሰሰሩ ወደ ቺፑ፣ ቺፑም ወደ ፕሮሰሰሩ ይጠቁማል። ስክሪኑ ከጨለመ መጀመሪያ ይህን ተመልከቱ።

እስከዚህ ያለው ደንብ ጽኑ ነው። የፖርት ቁጥር ግን ከቺፕ ቺፕ ይለያያል፤ በኤዲቪ7533 ቺፕ የኤችዲኤምአይ መውጫው ፖርት 1 ነው። ቲሲ358764 የተባለው ቺፕ ደግሞ ትእዛዙንም በዲኤስአይ ስለሚቀበል ኖዱ የሚቀመጠው በዲኤስአይ ሥር ነው። ስለዚህ ከሌላ ቦርድ ከመቅዳታችሁ በፊት በከርነሉ ምንጭ ኮድ ውስጥ ያለውን የራሱን የቺፑን የባይንዲንግ ሰነድ (ኖዱ እንዴት እንደሚጻፍ የሚገልጸውን) አንብቡ፤ የዲኤስአይ ሌን (የዳታ መስመር) ብዛትንም ከቦርዱ ንድፍ አረጋግጡ።