የሕፃናት የሥዕል መጽሐፎችና የቤተሰብ ፍቅር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት የንባብ ክፍል እሠራለሁ። የልዩ ልዩ ሕዝቦች ቤተሰቦች ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚወዱ የሚያሳዩ የሥዕል መጽሐፎችን ለወላጆች ሳውስ ደጋግመው የሚነሡ አስተያየቶች አሉ። ከቅንነት የመጡ ቢሆኑም ልጆችን ከመጽሐፍ የሚያርቁ ስለሆኑ እውነታውን ማስረዳት ግድ ሆኖብኛል።

«ሥዕሉ ማስዋቢያ ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው በጽሑፉ ነው።»

በጥሩ የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ጽሑፉና ሥዕሉ ታሪኩን ተካፍለው ይናገሩታል። ጽሑፉ «አባቴ ወደ ሥራ ሄደ» ብሎ ሲያበቃ፣ ሥዕሉ አባትየው ከደጃፍ ተመልሶ፣ በርከክ ብሎ የልጁን የጫማ ክር ሲያስር ሊያሳይ ይችላል፤ ስለ ፍቅሩ በጽሑፉ አንዲት ቃል ባትኖርም ልጁ ግን አይቶታል። ሥዕልን ለልጆች ማስተማሪያ ማድረግም የትናንት ፈጠራ አይደለም፤ በአውሮፓ ለልጆች ከተዘጋጁት ቀደምት የሥዕል መጽሐፎች አንዱ የሆነው የቼኩ የትምህርት ሊቅ የኮሜኒየስ ሥራ ኑረምበርግ ላይ የታተመው በ1658 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ዐፄ ፋሲል ጎንደር ላይ በነገሡበት ዘመን ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳዎች ፊት ቆሞ ያደገ የጎንደር ሰው ደግሞ ሥዕል እንደሚነበብ ማስረጃ አያስፈልገውም።

«የውጭ አገር ቤተሰብን የሚያሳይ መጽሐፍ ልጁን ባህሉን ያስረሳዋል።»

ይህ ስጋት እውነት የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ፤ እርሱም ለልጁ የሚቀርቡለት መጽሐፎች በሙሉ የሌላ አገር ሲሆኑ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ በ1990 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ምሳሌ መሠረት መጽሐፍ ለልጅ መስኮትም መስታወትም ሊሆን ይገባል፤ በመስኮቱ ሌላውን ያያል፣ በመስታወቱ ራሱን። የሚጎዳው መስታወቱን መንፈግ ነው እንጂ መስኮቱን መክፈት አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳምነኝ ማስረጃ ግን ያለው በገዛ አብያተ ክርስቲያናታችን ነው። እመቤታችንን ከልጇ ጋር የሚያሳየውና «ምስለ ፍቁር ወልዳ»፣ ማለትም «ከተወደደ ልጇ ጋር» የምንለው ሥዕል በጎንደር ዘመን የያዘው መልክ፣ የጥበብ ታሪክ አጥኚዎች እንደሚያስረዱት፣ ሮም በሚገኝ በአንድ ጥንታዊ ሥዕል ላይ የተመሠረተ ነው፤ ወደ አገራችን የገባውም በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በኩል ነው። የእኛ ሠዓልያን ዓይኑን አጎሉት፣ ቀለሙን አደመቁት፣ ልብሱን በአገሩ ዓይን ሣሉት፤ ዛሬ በፊቱ የሚሰግድ ምእመን እንግዳ ነገር አያይበትም። ከሩቅ የመጣ የእናትና የልጅ ሥዕል የራሳችንን አላስረሳንም፤ ይልቁንም የራሳችን ሆነ።

«ፍቅር በየአገሩ አንድ ስለሆነ የሚገለጽበትም መንገድ አንድ ነው።»

ስሜቱ አንድ ሊሆን ይችላል፤ መግለጫው ግን እንደየአገሩ ይለያያል። በአርክቲክ የሚኖሩ የኢኑይት ወላጆች አፍንጫቸውንና የላይኛ ከንፈራቸውን በልጁ ጉንጭ ላይ አሳርፈው ጠረኑን ወደ ውስጥ ይስባሉ፤ ስሙም ኩኒክ ይባላል። ጃፓኖች ልጅን በእናትና በአባት መካከል ማስተኛትን ወንዝ የሚል ትርጉም ባለው ባለ ሦስት መሥመር የጽሕፈት ምልክታቸው ይመስሉታል፤ የመካከለኛዋ አጭር መሥመር ልጁ ናት። በኢንዶኔዥያ ቋንቋ የተወደደ ልጅ «የጉበት ፍሬ» ይባላል፤ እኛም «የአብራኬ ክፋይ»፣ «ሆዴ»፣ «አንጀቴ» እንላለን። ልጅ ሲደናቀፍ የጎንደር እናት «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ትላለች እንጂ «ደኅና ነህ ወይ?» ብላ አትጀምርም። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ይህን ካላወቀ፣ ቃሉ ትክክል ሆኖ እናቲቱ ግን እንግዳ ትሆንብናለች።

አንድ ቀን አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ፣ እናት ልጇን በየገጹ «እወድሻለሁ» የምትልበትን መጽሐፍ በትዕግሥት አዳምጣ ስታበቃ፣ ወደ ማዕዱ ሥዕል ጠቁማ «ታዲያ ለምን አታጎርሳትም?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ከመጽሐፉ ገጾች ሁሉ የበለጠ ረጅም ጭውውት አስነሣ፤ እንዲህ ዓይነቶቹን መጽሐፎች የምወዳቸውም ለዚሁ ነው።

«ቤተሰብ ማለት እናት፣ አባትና ልጆች ናቸው።»

በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ልጅን የሚያሳድጉት አያት፣ አክስትና ታላቅ እኅት ጭምር ናቸው። በእኛም ዘንድ የክርስትና እናትና የጡት አባት ከቤተሰብ ውጭ አይቆጠሩም፤ መጽሐፍ ስትመርጡ እነርሱን ፈልጉባቸው።

«ፊደል ያልቆጠረ ሰው ለልጅ መጽሐፍ ሊያነብ አይችልም።»

ከእኛ ዘንድ መጽሐፍ ይዞ የሄደ አንድ ልጅ ከአያቱ ጋር ይኖራል፤ አያቱ ፊደል አልቆጠሩም። ያን ምሽት መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው «ተረት ተረት» አሉት፤ እርሱም «የላም በረት» ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያዩ፣ በበረዶ አገር የምትኖረውን እናት የሰሜን ተራራ ደገኛ አደረጓት፤ የለበሰችውን ቆዳም ደበሎ አሉት። መጽሐፉን ሲመልስ እኔ ጽሑፉን እንደተጻፈው ላነብለት ስጀምር «እንዲያ አይደለም» ብሎ አስቆመኝና፣ መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበበልኝ።