አዲስ ፕሮሰሰር ለማምረት ምን ያህል ይፈጃል?

የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ጥሬ ዕቃው ውድ አይደለም። ሲሊከን ከአሸዋ የሚገኝ፣ በምድር ላይ የተትረፈረፈ ነገር ነው። ገንዘቡን የሚበሉት ማሽኑ፣ ፋብሪካው፣ ዲዛይኑ እና ተበላሽቶ የሚጣለው ቺፕ ናቸው። አዲስ ትውልድ በመጣ ቁጥር ደግሞ አራቱም ይወደዳሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በኋላ ኢንቴልን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ጎርደን ሙር በ1965 በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ ውስጥ ዋናው ጉዳይ ፍጥነት ሳይሆን ወጪ ነበር። በአንድ ቺፕ ላይ ብዙ ክፍሎች በታጨቁ ቁጥር የአንዱ ዋጋ እንደሚወርድ አሳየ። ለአሥርተ ዓመታትም እንዳለው ሆነ። በ1971 የወጣው ኢንቴል 4004 ፕሮሰሰር 2,300 ትራንዚስተሮች (ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ነበሩት። በ2020 የወጣው የአፕል ኤም1 ደግሞ 16 ቢሊዮን አለው። ከ28 ናኖሜትር ትውልድ ወዲህ ግን (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) የአንዱ ትራንዚስተር ዋጋ መውረዱ በጣም ቀዝቅዟል። ጭራሽ ቆሟል የሚሉም አሉ። በነገራችን ላይ “5 ናኖሜትር”፣ “3 ናኖሜትር” የሚባሉት ስሞች ዛሬ የገበያ መጠሪያ ናቸው። ቺፑ ላይ ያለ የአንድ ነገር ልክ አይደሉም።

ቺፖች የሚሠሩት ዋፈር በሚባል፣ 300 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ የሲሊከን ዝርግ ላይ ነው። አንድ ዋፈር ከሺህ በላይ ደረጃዎችን አልፎ እስኪጨርስ ሦስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ትልቁ አምራች፣ የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ፣ የዋጋ ዝርዝሩን ለሕዝብ አያወጣም። በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ የጥናት ማዕከል በ2020 ባወጣው ግምት ግን የ28 ናኖሜትር ዋፈር 2,900 ዶላር ገደማ፣ የ7 ናኖሜትር 9,300 ገደማ፣ የ5 ናኖሜትር ደግሞ 17,000 ገደማ ይሸጣል። ስለ 3 ናኖሜትር ሲወራ የሚጠራው ዋጋ 20,000 ዶላር አካባቢ ነው።

ለዚህ ሁሉ ጭማሪ ትልቁ ምክንያት ብርሃን ነው። የቺፑ ንድፍ ዋፈሩ ላይ የሚታተመው በብርሃን ነው። ለረጅም ጊዜ የሚሠራበት ብርሃን 193 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ነበረው። ከዚያ በጣም የቀጠነ መስመር ለመሳል አንዱን ንጣፍ ደጋግሞ ማተም ግድ ሆነ። በተደጋገመ ቁጥር ጊዜው ይረዝማል፣ ስህተቱም ይበዛል። መፍትሔው ኢዩቪ የተባለ፣ 13.5 ናኖሜትር ብቻ የሚረዝም ብርሃን ነበር። በዚህ ብርሃን የሚያትመውን ማሽን በዓለም ላይ የሚሠራው አንድ ድርጅት ብቻ ነው፤ የሆላንዱ ኤኤስኤምኤል።

አሠራሩ ጉድ ያሰኛል። በሰከንድ 50,000 የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታዎች ይተኮሳሉ። እያንዳንዷን ጠብታ ሌዘር ይመታታል፤ ብርሃኑም ከዚያ ይወጣል። ይህን ብርሃን አየርም መስታወትም ይውጡታል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ በሌንስ ፋንታ በጀርመኑ ዛይስ መስተዋቶች ይከናወናል። የአንዱ ማሽን ዋጋ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ይህን ላለመግዛት መሞከርም ያስከፍላል። ኢንቴል 10 ናኖሜትር ትውልዱን በአሮጌው ብርሃን ለመሥራት ሞክሮ ለዓመታት ዘገየ። በብዛት ማምረት የቻለው በ2019 ነው።

ማሽኖቹ ደግሞ ቤት ይፈልጋሉ። ቲኤስኤምሲ በአሜሪካ አሪዞና ሊሠራ ያሰበው ፋብሪካ በ2020 ሲነገር 12 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በ2022 ሁለተኛ ፋብሪካ ተጨምሮ 40 ቢሊዮን ገባ። በ2024 ሦስተኛው ሲታከል ከ65 ቢሊዮን አለፈ። ኢንቴልም ከአሜሪካ ውጭ በአየርላንድና በእስራኤል ትልልቅ ፋብሪካዎች አሉት። የእስራኤሉ ያለው ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩባት ቂርያት ጋት ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ለኩባንያ ብቻ የሚተው ስላልሆነ መንግሥታትም እጃቸውን አስገብተዋል። አሜሪካ በ2022 ባወጣችው ሕግ ለማምረቻ ድጎማ ብቻ 39 ቢሊዮን ዶላር መድባለች።

እዚህ ላይ የሂሳብ ሰዎች የእርጅና ቅናሽ የሚሉት ነገር ይመጣል። ቲኤስኤምሲ የማሽን ዋጋን በአምስት ዓመት አከፋፍሎ ወጪ ላይ ይጽፈዋል። ስለዚህ የአዲስ ትውልድ ዋፈር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማሽኑን ዕዳ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ፋብሪካው ሌት ተቀን ካልሠራ ያ ዕዳ በጥቂት ዋፈሮች ላይ ይከመራል። አምስቱ ዓመት ካለፉ በኋላ ግን ያው ማሽን በርካሽ ያመርታል። ለመኪናና ለቤት ዕቃ የሚሆኑ ቺፖች ዛሬም ከአሮጌ መስመሮች የሚወጡት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ብልሽት ሌላው የወጪ ምንጭ ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ የሚያስገርመኝም እሱ ነው። እስቲ 17,000 ዶላር የሚያወጣ ዋፈር እንውሰድ። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር በአማካይ 0.1 እንከን አለው እንበል። ቺፑ 100 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ 640 ገደማ ይወጣሉ፤ 580 ያህሉ ደህና ናቸው። አንዱ 30 ዶላር ገደማ ያወጣል ማለት ነው። ቺፑ 800 ካሬ ሚሊሜትር ሲሆን ግን የሚወጡት 64 ያህል ናቸው፤ ደህናዎቹ ከ30 አይበልጡም። የአንዱ ወጪ ወደ 600 ዶላር ይጠጋል። ስፋቱ ስምንት እጥፍ ሲያድግ ወጪው ሃያ እጥፍ ገደማ አደገ።

የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው ኤኤምዲ ከዚህ ስሌት ያመለጠው ቺፑን በመቆራረጥ ነው። በ2017 ያወጣው ኢፒክ ፕሮሰሰር በአንድ ትልቅ ቺፕ ፋንታ በአራት ትንንሽ ቺፖች ተሠራ። ኩባንያው ራሱ እንደገለጸው ወጪው አንድ ወጥ ቢሆን ኖሮ ከሚፈጀው 59 በመቶ ብቻ ሆነ። በ2019 ደግሞ ውዱን 7 ናኖሜትር ለኮሮቹ፣ ማለትም ስሌቱን ለሚሠሩት ክፍሎች፣ ብቻ አዋለ። ከውጭ ጋር የሚያገናኘውን ክፍል በአሮጌዎቹ 12 እና 14 ናኖሜትር አሠራው። የተበላሸም ሁሉ አይጣልም። ከስምንት ኮሮች አንዱ ያልሠራለት ቺፕ ባለ ስድስት ኮር ተብሎ ይሸጣል።

በአንጻሩ የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ማህደረ ትውስታ፣ ካሽ የሚባለው፣ ማነሱን አቁሟል ማለት ይቻላል። በአንደኛው የቲኤስኤምሲ 3 ናኖሜትር ዓይነት ላይ ያለው የካሽ ሕዋስ ከ5 ናኖሜትሩ ጋር እኩል ነው። ዋፈሩ ተወደደ፣ ካሹ ግን ያንኑ ቦታ ይዞ ቀረ።

የዲዛይን ወጪውም ቀላል አይደለም። አይቢኤስ የተባለ የጥናት ድርጅት ለ28 ናኖሜትር ቺፕ 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለ5 ናኖሜትር 540 ሚሊዮን ገደማ ይገምታል። ይህ በሚሊዮኖች ቺፕ ለሚሸጥ ይከፋፈላል፤ ለትንሽ ኩባንያ ግን የማይታሰብ ነው። ፋብሪካ ያላቸውም አልቻሉትም። የአሜሪካው ቺፕ አምራች ግሎባልፋውንድሪስ በነሐሴ 2018 የ7 ናኖሜትር ሥራውን አቁሞ ከውድድሩ ወጣ። ጫፍ ላይ የቀሩት ቲኤስኤምሲ፣ ሳምሰንግና ኢንቴል ናቸው።

ቀጣዩ የኤኤስኤምኤል ማሽን ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። ኢንቴል የመጀመሪያውን በ2023 መጨረሻ ኦሪገን አስገብቷል። ቲኤስኤምሲ ግን ዋጋው በዝቶበት ኤ16 የተባለውን ትውልዱን ያለሱ እንደሚሠራ አስታውቋል።