አርኒካ ምንድን ነው? ለጡንቻና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚቀባው ቢጫ አበባ

አርኒካ በአውሮፓ ተራሮች ላይ፣ ሣር በሞላባቸው ሜዳዎች የሚበቅል ቢጫ አበባ ነው። አበባው ተለቅሞ ይደርቃል። ከዚያ በአልኮል ወይም በዘይት ተዘፍዝፎ ቅባት ወይም ጄል ይሠራበታል። ወለም ያለ እግር፣ ተመትቶ የበለዘ ክንድ፣ የዛለ ጡንቻ፣ የሚቆረጥም ጣት ላይ ይቀባል። ለጀርመኖችና ለስዊዞች የቆየ የቤት መድኃኒት ነው።

እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸው የላከችላቸውን ቅባት አሳይተውኝ ነበር። ጽሑፉ ጀርመንኛ ነው፤ ከላዩ ቢጫ አበባ አለበት። ጉልበታቸውን እያሻሹ ሥዕሉን ትክ ብለው አዩት። «ይቺማ አደይ አይደለችም እንዴ? መስከረም ሲጠባ እዚህ ተራራው ላይ ሞልታ የለ!» አሉኝ።

አይደለችም። ግን ግምታቸው ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። አደይ አበባና አርኒካ የአንድ ትልቅ የዕፅዋት ቤተሰብ አባላት ናቸው። ሱፍና ኑግም እዚያው ውስጥ አሉ። የቤተሰብ አንድነት ግን የመድኃኒት አንድነት አይደለም። የአርኒካ ቅጠል መሬት ላይ ተነጥፎ ይበቅላል፤ ግንዱ ጸጉራም ነው፤ አበባውም ወደ ብርቱካንማ ያደላል። ስለዚህ እባካችሁ፣ አደይ ለቅማችሁ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፋችሁ «አርኒካ ሠራሁ» እንዳትሉ። ዝምድናው የሚጠቅመን ለጥንቃቄ ነው። የዚህ ቤተሰብ አበቦች ቆዳውን የሚያሳክኩት ሰው አርኒካም ሊያሳክከው ይችላል።

ሥራውን የሚሠራው በዋነኝነት ሄለናሊን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሰውነታችን ሲጎዳ ቦታው ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይግላል። ሄለናሊን ይህን የእብጠት ሂደት ከሚቀሰቅሱት የሕዋስ ምልክቶች አንዱን እንደሚያፍን በላብራቶሪ ታይቷል። ሰው ላይስ? እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት አለ። የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ ተበልቶ የሚያማቸው 204 ሰዎች ተሳትፈውበታል። ግማሾቹ የአርኒካ ጄል፣ ግማሾቹ ኢቡፕሮፌን የሚባለውን የታወቀ የሕመም ማስታገሻ ጄል ለ21 ቀናት ተቀቡ። በሕመሙም ሆነ በእጃቸው አሠራር ላይ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ይህ ለአንድ አበባ ትልቅ ነገር ነው። ጉልበት ላይም የተሠራ ጥናት አለ፤ ግን አርኒካ ያልተቀቡ ሰዎች ለንጽጽር ስላልነበሩበት ያን ያህል ልንደገፍበት አንችልም።

ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር አለ። አርኒካ ለማግኘት ብላችሁ ዘመድ አታስቸግሩ። ሰፈራችሁ ያለው ፋርማሲ የኢቡፕሮፌን ወይም የዳይክሎፌናክ ጄል ካለው፣ ያም ለዚሁ ሥራ የተሠራ ነው።

ሯጮችን በተመለከተ ነገሩ ይለያል። ሱሉልታና እንጦጦ ላይ ንጋት ላይ የሚሮጡ ወጣቶች በማግስቱ ባታቸው ድንጋይ ይሆናል። «አርኒካ ልቀባ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ይህንኑ ፈትኖታል። ሰዎች ባታቸውን የሚያደክም እንቅስቃሴ ሠርተው አንዱን እግር አርኒካ፣ ሌላውን መድኃኒት የሌለበት ቅባት ተቀቡ። ከ24 ሰዓት በኋላ አርኒካ የተቀባው እግር ይብሱን ያማቸው ነበር። እኔ ብሆን ለልምምድ ድካም አልቀባውም። እረፍት፣ ውኃና እንቅልፍ ይሻላል።

አቀባቡ ቀላል ነው። የሚያመው ቦታ ላይ ስስ አድርጎ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ። ቆዳው ግን ደህና መሆን አለበት። የተላጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም የቆሰለ ቦታ ላይ አይነካም፤ ዓይንና አፍ አካባቢም እንደዚሁ። ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይመከርም። ቆዳው ከቀላ ወይም ሽፍ ካለ ታጥቦ ይተዋል።

ይህን ደግሞ ጠበቅ አድርጌ ልበል፦ አርኒካ አይጠጣም። ከሻይ ጋር አይፈላም፤ ከማርም ጋር አይላስም። ሲዋጥ ሆድ ዕቃን ያቆስላል፣ ያስመልሳል፤ መጠኑ ከበዛ ልብን እስከማወክና ሕይወት እስከማጥፋት ይደርሳል። እኛ አገር «ላይ ላዩን ከረዳ ውስጥ ቢገባ ደግሞ የበለጠ» ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው የማስፈራው። «ታዲያ የአርኒካ እንክብል የሚሸጠውስ?» ካላችሁ፣ እሱ ሆሚዮፓቲ በሚባለው የአማራጭ ሕክምና ዘዴ የተሠራ ነው። አበባው ተደጋግሞ በጣም ስለሚቀጥን በብዙዎቹ ውስጥ ምንም ያህል አይቀርም። የማይጎዳው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሕመም ማስታገሱም በጥናት አልተረጋገጠም።

ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን አይታችኋል። ወገብና ጉልበታቸው የሚያመው ከሸክሙ ነው። ሸክሙ በየቀኑ ካለ የትኛውም ቅባት ለጥቂት ሰዓት ከማስታገስ አያልፍም።

ወጌሻ ጋ የምትሄዱም ብትሆኑ፣ ቅባቱ አርኒካም ሆነ ቅቤ፣ ትኩስ ወለምታን በኃይል ማሳሸት እብጠቱን ያባብሰዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ይያዝበት፤ እግሩም ከፍ ይበል። እግሩ መሬት መርገጥ ካቃተው፣ ቅርጹ ከተጣመመ ወይም ጣቱ ከደነዘዘ ወጌሻም ቅባትም ይቆይ፤ መጀመሪያ ራጅ ይነሳ። መገጣጠሚያው ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ሳያድር ሐኪም ይየው።