«ጥርት ብሏል እኮ፣ ምን ይቀየራል?» እና ሌሎች የዓሣ ገንዳ ስህተቶች

ዓሣ ማርባት የጀመርኩ ሰሞን የቅዳሜ ጠዋት ሥራዬ የታወቀ ነበር። ጎልድፊሾቹን ሳፋ ውስጥ አቆይቼ ውሃውን በሙሉ እደፋለሁ፣ መስታወቱን እፈትጋለሁ፣ ጠጠሩን እንደ ሩዝ አሽቼ አጥባለሁ፤ ከዚያ ከቧንቧ ሞልቼ እመልሳቸዋለሁ። ሰኞ ላይ አንዱ በጎኑ ተንሳፍፎ ይገኛል። «በደንብ አላጠብኩት ይሆናል» እልና በሚቀጥለው ሳምንት የባሰ እፈትጋለሁ።

«ውሃው በሙሉ ቢቀየር ይሻላል»

ዓሣ የሚፈጀው ይሄ ነው። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ደግሞ በጥቂቱም መርዝ ነው። በፊልተሩ (ውሃ ማጣሪያው) ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት (እሱም መርዝ ነው)፣ ቀጥሎ ካልበዛ በቀር ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያዎቹ ተራብተው እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እኔ በየቅዳሜው ክሎሪን ባለው ውሃ አሽቼ የማጠፋው እነሱን ነበር።

ለአብዛኛው የቤት ገንዳ በሳምንት አንዴ ሩቡን መቀየር ይበቃል። ገንዳው 40 ሊትር ከሆነ 10 ሊትር፣ ማለትም የትልቁ ጀሪካን ግማሽ። ዓሣው ጥቂት፣ ተክሉ ብዙ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ጎልድፊሽ ግን በልቶ የማይጠግብ አቆሻሽ ስለሆነ ጨመር ማድረግ ነው።

«ፊልተር አለው አይደል?»

ፊልተሩ አሞኒያውን ናይትሬት ያደርገዋል እንጂ ናይትሬቱን ከገንዳው አያወጣውም። የሚያወጣው ባልዲ ነው። ስፖንጁንም ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት፤ ቧንቧ ሥር አይታጠብም።

«ጥርት ብሏል እኮ»

አሞኒያም ናይትሬትም በዓይን አይታዩም፤ በመመርመሪያ ጠብታ ወይም ወረቀት ነው የሚለዩት። እንዲያውም ገንዳ ውስጥ ከተቀመጠ እንጨት የሚወጣው ሻይ መሳይ ቀለም፣ ሁሉም የሚደነግጥለት፣ ምንም አይጎዳም።

«ሲጎድል እሞላዋለሁ»

የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ናይትሬቱና ጨዋማው ነገር እዚያው ይቀራል። ውሃ ሲፈላበት የኖረ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ተመልከቱት። ያ ነጭ ቅርፊት በገንዳው መስታወት አፍ ላይም መስመር ሠርቶ ታገኙታላችሁ። መሙላትና መቀየር ለየቅል ናቸው።

«ውሃውን አሳድሬዋለሁ»

በምን አሳደራችሁት? አፉ ሰፊ በሆነ ክፍት ባልዲ ከሆነ ክሎሪኑ በአንድ ቀን ገደማ ይበናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን የምናሳድረው ክዳኑ በተጠበቀ ጀሪካን ነው፤ ጋዙ በየት ይውጣ? ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት የውሃ ማከሚያ) የተጨመረበት ውሃማ ክፍት ቢያድርም አይለቅም። የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካገኛችሁ እሱ ያስተማምናል። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ የጠዋት ውሃ ይቀዘቅዛል። ጎልድፊሽ ቅዝቃዜ ይችላል፤ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ የለመዱት የሞቃት አገር ዓሦች ላይ ግን ድንገት አይገለበጥም፤ መጀመሪያ ለብ ይበል።

ይህን አንብባችሁ ለወራት ያልተነካ ገንዳ ትዝ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ግማሹን አትድፉ። ዓሦቹ ቀስ በቀስ የተበላሸውን ውሃ ለምደውታልና የድንገት ለውጥ ይገድላቸዋል። ዛሬ ከአሥር አንድ እጁን፣ ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ያንኑ ያህል።