የሚያዝያ ቤዝቦል በዋሽንግተን

የአሜሪካ ዋና የቤዝቦል ሊግ ውድድር በመጋቢት ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ይከፈትና መስከረም ሲጋመስ መደበኛ ጨዋታው ያበቃል። በእነዚህ ስድስት ወራት ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን 162 ጊዜ ይጫወታል፤ ዕረፍት የሚባለው በሳምንት አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ሳምንታት ለደጋፊ የተለየ ወቅት ናቸው። ሁሉም ቡድን ከዜሮ ይነሳል፣ ሁሉም ደጋፊ «ዘንድሮስ የእኛ ነው» ይላል፣ የደረጃ ሰንጠረዡ ግን ገና አፉን አልፈታም። ይህ ዳሰሳ ያንን ወቅት የሚመለከተው ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከከተማዋ ቡድን ከናሽናልስ ደጋፊዎች ወንበር ላይ ሆኖ ነው። የሚያዝያ ውጤት ሰውን እንዴት እንደሚያታልል የእነሱን ያህል የቀመሰ ጥቂት ነው። ከተማዋና አካባቢዋም ከአገር ውጭ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ናቸው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የብዛቱ ነገር

እግር ኳስ የለመደ ሰው ቤዝቦል ውስጥ ሲገባ የሚከብደው ሕጉ ይመስለዋል። ሕጉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይገባል፦ ወርዋሪ ይወረውራል፣ መቺ በዱላ ለመምታት ይሞክራል፣ ሦስት መቺዎች ሲወጡ ተራው ለሌላው ቡድን ይለቃል፣ ይህ ዘጠኝ ዙር ይደጋገማል። የሚከብደው የጨዋታው ብዛት ነው። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አንድ ቡድን በዓመት 38 ጊዜ ስለሚጫወት፣ አንዱ ሽንፈት ከአራት የቤዝቦል ሽንፈት በላይ ይመዝናል። አርሰናል በተሸነፈ ማግስት እህል የማይቀምስ ሰው በዚያው ልብ ቤዝቦል ልከታተል ቢል ሰኔን አያይም። ጥሩ የሚባለው ቡድን እንኳ በዓመት ስልሳ ጊዜ ያህል ይሸነፋል፤ ደካማውም ስልሳ ጊዜ ያህል ያሸንፋል። ዓመቱ የሚወሰነው በመሃል በሚቀሩት አርባ ምናምን ጨዋታዎች ነው፤ እነሱ የትኞቹ እንደሆኑ ግን በሚያዝያ የሚያውቅ የለም።

የተጫዋቾችም ቁጥር እንዲሁ ነው። ከአሥር ሙከራ ሦስቱን በሚገባ የሚመታ ሰው ኮከብ ይባላል። በመጀመሪያው ሳምንት 20 ጊዜ ሞክሮ 6 የመታና 8 የመታ ተጫዋቾች ልዩነታቸው ሁለት ኳስ ብቻ ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ ግን አንዱ ጎበዝ፣ ሌላው የዘመኑ ተአምር መስሎ ይታያል። ኤፕሪል 4 ቀን 1994 ታፊ ሮድስ የተባለ የቺካጎ ከብስ ተጫዋች በመክፈቻው ዕለት ኳሱን ሦስት ጊዜ ከአጥር ውጭ አሳለፈ፤ ይህ ሆም ራን የሚባለው ነው። በቀረው ዓመት የጨመረው አምስት ብቻ ነበር። ኋላ ወደ ጃፓን ሄዶ በዚያ ከ460 በላይ መታ። በዚያን ዕለት ሜዳ የነበረ ደጋፊ ያየው ውሸት አልነበረም ማለት ነው፤ የሳተው አገሩን ነው።

በዚህ ላይ ብርዱ አለ። ቡድኖቹ የክረምቱን መጨረሻ በፍሎሪዳና በአሪዞና ፀሐይ ሲለማመዱ ከርመው ነው የሚመጡት። ናሽናልስ የሚለማመደው በፍሎሪዳ፣ ዌስት ፓልም ቢች በሚገኝ ግቢ ሲሆን፣ ግቢውን ከሂዩስተን አስትሮስ ጋር ይጋራል። ከዚያ በቀጥታ ጃኬት ወደሚያስደርብ ምሽት ይገባሉ። ቀዝቃዛ አየር ክብደት ስላለው የተመታ ኳስ እንደ ሐምሌው ርቆ አይሄድም። የወርዋሪው ጣት ይደነዝዛል፤ ክንዱም ገና ስላልተፍታታ አሰልጣኙ ቶሎ ያወጣዋል፣ ጨዋታውም በተጠባባቂዎች እጅ ይወድቃል። ብርዱን ለራሱ መዝናኛ ያደረገ ተመልካችም ታይቷል፦ ኤፕሪል 11 ቀን 1907 በኒውዮርክ ጃይንትስ የመክፈቻ ጨዋታ ላይ ሕዝቡ የተጠረገውን በረዶ እያድበለበለ ወደ ሜዳ መወርወር ጀመረ፤ ዳኛው ጨዋታውን አቋርጦ ድሉን ለእንግዳው ለፊላደልፊያ ሰጠ።

የመክፈቻው ዕለት

በሌሎች ከተሞች የመክፈቻው ዕለት የስፖርት በዓል ነው፤ በዋሽንግተን ግን የመንግሥትም ወግ ሆኖ ኖሯል። ኤፕሪል 14 ቀን 1910 ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሃዋርድ ታፍት ከተቀመጡበት ተነስተው ኳስ ወደ ሜዳ ወረወሩ፤ ፕሬዚዳንቶች የዓመቱን የመጀመሪያ ኳስ የመወርወራቸው ልማድ የተጀመረው በዚያን ዕለት ነው። ኳሱን የተቀበለው ዋልተር ጆንሰን ኳሱ በቀላሉ የማይመታ ወርዋሪ ነበር፤ በጨዋታው ለፊላደልፊያ አትሌቲክስ አንዲት ምት ብቻ ፈቅዶ 3 ለ 0 አሸነፈ። ጆንሰን በሥራ ዘመኑ 14 የመክፈቻ ጨዋታዎችን የጀመረ ሲሆን፣ በሰባቱ ተቃራኒው ቡድን አንድም ነጥብ አላገኘም።

ያ ሜዳ የት እንደነበር ብዙ ሐበሻ ሳያውቀው በየቀኑ ያልፍበታል። ቦታው ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆመበት ነው። በኋላ ግሪፊት ስታዲየም ተብሎ እስከ 1965 ቆይቶ ፈረሰ። የጆንሰን ቡድን ዋሽንግተን ሴናተርስ ብቻ ሳይሆን፣ ጥቁሮች ከዋናው ሊግ ተከልክለው በነበረበት ዘመን ጆሽ ጊብሰን ይጫወትበት የነበረው ሆምስቴድ ግሬይስም በዚያ ይጫወት ነበር። ከዚያ ተነስቶ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ወደተደረደሩበት ወደ ዘጠነኛው መንገድና ወደ ዩ ስትሪት ለመድረስ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። የታፍት ኳስ ዛሬ ቢወረወር ክትፎ ቤት ባያርፍም ሽታው ይደርሰው ነበር።

የሴናተርስ ነገር ከመክፈቻው ድምቀት ጋር አይመጣጠንም። ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን «በጦርነት አንደኛ፣ በሰላም አንደኛ» የሚለውን ውዳሴ ጋዜጦች አጣመው «በአሜሪካን ሊግ (ከዋናው ሊግ ሁለት ክፍሎች በአንዱ) ግን መጨረሻ» ብለው ይቋጩት ነበር። ቡድኑ ከ1960 ውድድር በኋላ ወደ ሚኒሶታ ሄደ፤ በምትኩ የመጣውም ከ1971 በኋላ ወደ ቴክሳስ ኮበለለ። የኋለኛው የመጨረሻ ጨዋታ ሳያልቅ ቀረ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1971 ከኒውዮርክ ያንኪስ ጋር 7 ለ 5 እየመሩ፣ አንድ ሰው ብቻ ለማስወጣት ሲቀራቸው፣ የተናደደው ተመልካች ሜዳውን ወረረና ጨዋታው በፎርፌ ለእንግዳው ተሰጠ። በእጁ ኳስ ይዞ የነበረው ወርዋሪ ጆ ግርዜንዳ ኳሷን ቤቱ ወስዶ አስቀመጣት። ከተማዋ 33 የውድድር ዘመን ያለ ቡድን ኖረች። ኤፕሪል 14 ቀን 2005፣ ከታፍት ውርወራ ልክ 95 ዓመት በኋላ፣ ከሞንትሪያል የመጣው ናሽናልስ በከተማዋ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ ግርዜንዳ ያችን ኳስ ይዞ መጣ፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽም እሷኑ ወረወሩ። ኳስ የሚያህል ትንሽ ነገር ለ34 ዓመት ሳይጥሉ መያዝ ራሱን የቻለ ደጋፊነት ነው።

በጾም ወቅት ሜዳ መሄድ

ስታዲየሙ አሁን በአናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ ነው፤ ከዩ ስትሪት አረንጓዴውን የሜትሮ መስመር ይዞ ሳይቀይሩ ኔቪ ያርድ መውረድ ይቻላል። ወደ አርባ አንድ ሺህ ሰው ይይዛል፣ በግራ በኩል ባለው አደባባይ የቼሪ ዛፎች አሉበት። በአራተኛው ዙር ግዙፍ ጭንቅላት ያጠለቁ አራት ፕሬዚዳንቶች ይሯሯጣሉ። ከእነሱ አንዱ ቴዲ ሩዝቬልት ከ2006 ጀምሮ አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ እስከ ኦክቶበር 2012 ቆይቷል፤ ሕፃናት ከዋናው ጨዋታ ይልቅ ለዚህ ሲጮሁ ማየት የተለመደ ነው።

ለኦርቶዶክሳዊ ደጋፊ አንድ የተለየ ነገር አለ፦ የመክፈቻው ሳምንት ሁልጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። ፋሲካ ቀደመም ዘገየም፣ የመጋቢት ሦስተኛ ሳምንት ከጾሙ አያመልጥም። የሜዳው መለያ የሆነው ሆት ዶግ እስከ ትንሣኤ ይጠብቃል። ደግነቱ ሌላው የቤዝቦል መለያ ከነቅርፊቱ የሚሸጥ ኦቾሎኒ ነው፤ ቅርፊቱን እግር ሥር መጣል ነውር ያልሆነበት ቦታም ይህ ሜዳ ነው። አንድ ከረጢት ኦቾሎኒ በእርጋታ ከተበላ እስከ ስድስተኛው ዙር ያደርሳል።

ሜዳ የማይሄደው በሬዲዮ ይከታተላል። ቤዝቦል ለሬዲዮ የተፈጠረ ይመስላል፤ በውርወራና በውርወራ መካከል ተራኪው የሚያወራበት ፋታ አለ፣ ታክሲ የሚነዳ ሰውም ዓይኑን ከመንገድ ሳያነሳ ጨዋታውን በሐሳቡ ይስላል። የናሽናልስን ጨዋታ ከ2005 ጀምሮ የሚያስተላልፈው ቻርሊ ስሎውስ ነው። ከ2023 ወዲህ ወርዋሪው በ15 ሰከንድ ውስጥ፣ ሰው ቤዝ ላይ (መቺው ሮጦ በሚደርስበት ምልክት ላይ) ካለ ደግሞ ትንሽ ዘግየት ብሎ እንዲወረውር የሚያስገድድ ሰዓት ስለገባ ፋታው አጥሯል፤ የጨዋታው ርዝመት ከሦስት ሰዓት በላይ የነበረው ወደ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ወርዷል። አዲስ አበባ ሆኖ ለሚከታተል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በዋሽንግተን ምሽት አንድ ሰዓት የሚጀመረው ጨዋታ ለእሱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። የእሁድ ቀን ጨዋታዎች ግን ምሽት ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ከእራት ጋር ይደርሱለታል።

የጠናበት ደጋፊ ደግሞ ደብተር ይይዛል። ዘጠኙ ቦታዎች ከ1 እስከ 9 ቁጥር አላቸው፤ ወርዋሪው 1፣ ኳስ ተቀባዩ 2 እያለ ይቀጥላል። «6-4-3» ተብሎ የተጻፈ መስመር ኳሱ በማን እጅ አልፎ ሁለት ሰው እንዳስወጣ ለሚያነበው ሙሉ ታሪክ ነው። በሚያዝያ የተጀመረ ደብተር አብዛኛውን ጊዜ በግንቦት ይተዋል፤ ይህንን ከራሴ መሳቢያ አውቃለሁ።

ያሳሳቱ ጅማሬዎች

ናሽናልስ በ2005 በመጀመሪያ ዓመቱ ግማሹን ውድድር 50 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ 81 ለ 81 ሆኖ ከምድቡ መጨረሻ ወጣ። በ2008 አዲሱ ስታዲየም ሲመረቅ፣ ማርች 30 ምሽት፣ ራያን ዚመርማን በዘጠነኛው ዙር በመታው ሆም ራን አትላንታን 3 ለ 2 አሸነፉ፤ ከዚያ የተሻለ አጀማመር በሐሳብ እንኳ አይገኝም። ያው ቡድን በዓመቱ 102 ጊዜ ተሸነፈ።

የ2005ቱ አሰልጣኝ ፍራንክ ሮቢንሰን ከዚህ የባሰ አይቶ ነበር። በ1988 ባልቲሞር ኦሪዮልስ ስድስት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ አሰልጣኙን አባሮ እሱን ሾመ፤ ሽንፈቱ ግን እስከ 21 ቀጠለ። ቡድን አልባ የነበሩ የዋሽንግተን ሰዎች ብዙዎቹ ያኔ የሚከታተሉት ይህንኑ የጎረቤት ቡድን ነበር። ኦሪዮልስ አንድ አሸንፎ 23 ተሸንፎ ሜይ 2 ወደ ሜዳው ሲመለስ 50,402 ሰው ተቀበለው። በሌላ በኩል ዲትሮይት ታይገርስ በ1984 ከመጀመሪያዎቹ 40 ጨዋታዎች 35ቱን አሸንፎ ዋንጫውንም ወሰደ፤ ስለዚህ ሚያዝያ ሁልጊዜ ይዋሻል ማለትም አይቻልም። እንደ በልግ ዝናብ ነው፤ ሲመጣ ይዘሩበታል እንጂ ጎተራ አይሠሩለትም።

ከሁሉም የሚበልጠው 2019 ነው። የቡድኑ ኮከብ ብራይስ ሃርፐር ለ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ ወደ ፊላደልፊያ በሄደበት ዓመት ናሽናልስ የመክፈቻውን ጨዋታ በኒውዮርክ ሜትስ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ኤፕሪል 2 ሃርፐር በእንግዳ መለያ ተመለሰ። ሜዳው በሙሉ ጮኸበት፤ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ሳይመታ ወጣ፣ በኋላ ግን ሆም ራን መታ። በዚያው ምሽት ትሬይ ተርነር የተባለው ፈጣን ተጫዋች ጣቱ ተሰበረ። በሜይ መጀመሪያ የወርዋሪዎቹ አሰልጣኝ ተሰናበተ። ሜይ 23 ቀን ቡድኑ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር፤ ዋና አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር የሚለው ድምፅ ከተማውን ሞላው።

ከዚያ በቀሩት 112 ጨዋታዎች 74 አሸነፉ። ጥሎ ማለፉ ውስጥ ገብተው ሚልዋኪን፣ ሎስ አንጀለስን፣ ሴንት ሉዊስን አስወጡ፤ ፍጻሜው ላይ የጠበቃቸው የፍሎሪዳው ግቢ ተጋሪ ሂዩስተን አስትሮስ ነበር። በሰባቱም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው። ኦክቶበር 30 ሂዩስተን ላይ 6 ለ 2 ተጠናቀቀና ዋንጫው ከ1924 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዋሽንግተን መጣ።

የሻምፒዮኑን የሚቀጥለውን ሚያዝያ ግን ወረርሽኝ በላው። የ2020 መክፈቻ ጁላይ 23 ባዶ ወንበሮች ፊት ተካሂዶ፣ በዝናብ ተቋርጦ፣ በያንኪስ 4 ለ 1 ሽንፈት አበቃ። ደጋፊው ወደ ሜዳው የተመለሰው ኤፕሪል 6 ቀን 2021 ነው፤ የተፈቀደው አምስት ሺህ ሰው ብቻ ነበር፣ ተራርቆ የተቀመጠ፣ አፉን በጭምብል የሸፈነ። በዘጠነኛው ዙር ሁዋን ሶቶ አንዲት ኳስ መታና አትላንታን 6 ለ 5 ረቱ። ያ ቡድን በዓመቱ መጨረሻ 97 ጊዜ ተሸንፎ ነበር።