ቦሎ ምንድን ነው? ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰውስ ምን ይነግረዋል?

«ቦሎ አለው፣ ኢንሹራንስ አለው፣ ነድቶ መሄድ ብቻ ነው።» ያገለገለ መኪና ፍለጋ አንድ ሳምንት እንኳ የዞረ ሰው ይህችን ነገር ከደላላ አፍ ደጋግሞ ሰምቷታል። ቦሎ አለው ሲባል ልባችን ይረጋጋል። ተመርምሮ ያለፈ መኪና ነው፣ ምን ይሆናል እንላለን። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፣ የአክስቴ ልጅ ቪትዝ እስኪገዛ ድረስ።

ቦሎ ዓመታዊውን የቴክኒክ ምርመራ ላለፈ መኪና የሚሰጥ፣ የፊት መስታወት ላይ የሚለጠፍ ምልክት ነው። ዓመቱ ተጽፎበታል። ምርመራውን ግዴታ ያደረገው ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። መኪናው ምርመራ ቦታ ሲገባ ፍሬኑ፣ መብራቱ፣ መሪው፣ ጎማው፣ ጭሱ ይታያል። የሦስተኛ ወገን መድንም መኖር አለበት፣ ያለሱ ቦሎ የለም። በአጭሩ ቦሎ የሚለው ይህን ነው፦ ይህ መኪና በዚያች ቀን መንገድ ላይ ቢወጣ ለሰው አደጋ አይሆንም።

በዚያች ቀን። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቦሎ ሞተር አይከፍትም። መኪናው ከዚህ በፊት ተገልብጦ ያውቃል ወይ ብሎ አይጠይቅም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሷል አልተመለሰም የሚለውም ጉዳዩ አይደለም። ከጓደኛው ደህና ጎማ ተውሶ ለምርመራ ገብቶ፣ ማታ የራሱን የተላጨ ጎማ መልሶ የገጠመ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ቦሎው ግን ዓመቱን ሙሉ መስታወቱ ላይ ይቆያል።

ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። መኪናዋ ነጭ ናት፣ ታበራለች፣ ቦሎዋ ከወጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ከፍሎ ወሰዳት። ክረምቱ ሲገባ ከኋላ የእርጥበት ሽታ መጣ። ምንጣፉን ገልጠን ቅያሪ ጎማውን ስናነሳ ጎማው የሚተኛበት ጎድጓዳ ውስጥ ውሃ ተኝቷል። ውሃውን በጨርቅ ስናደርቀው ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ የብየዳ መስመር ወጣ፣ ወፍራም፣ ጠመዝማዛ፣ በላዩ ላይ ቀለም የተለቀለቀበት። ከፋብሪካ የወጣ ብየዳ እንደዚያ አይደለም። መኪናዋ ከኋላ ክፉኛ ተመትታ፣ ጀርባዋ ተቆርጦ የተቀጠለች ናት። ቦሎዋ ግን ትክክለኛ ነበር። ፍሬኗም መብራቷም ይሠራ ነበርና!

እንግሊዝ አገር ያለ ሰው የመኪናውን ታርጋ ቁጥር መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ካስገባ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተደረገለትን ዓመታዊ ምርመራ ውጤት በነፃ ያያል። መቼ አለፈ፣ መቼ ወደቀ፣ በምን ወደቀ፣ ያን ቀን ስንት ማይል ነበረው፣ ሁሉም ተጽፏል። እኛ ጋ ገዢው ይህን የሚያነብበት ገጽ የለውም። ስለዚህ ታሪኩን ራሳችሁ ቁርጥራጩን ለቅማችሁ መገጣጠም አለባችሁ። ይቻላል፣ ትንሽ ጊዜ ብቻ ይጠይቃል።

መጀመሪያ ሊብሬው፣ ማለትም የመኪናው የባለቤትነት ደብተር። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ (የመኪናው አካል) እና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። «አይቼዋለሁ» የሚል ደላላ አይበቃም፣ ኮፈኑን አስከፍታችሁ በራሳችሁ ዓይን እዩት። ቁጥሩ ዙሪያ የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም አዲስ ቀለም የተቀባ ነገር ካለ ዋጋ መደራደር ሳይሆን ጥሎ መሄድ ነው። ቀጥሎ የመኪናው ፋይል ያለበት የተሽከርካሪ ምዝገባ ቅርንጫፍ ሄዶ ዕዳና እገዳ ማጣራት ነው። ባንክ መያዣ አድርጎት ይሆናል፣ ፍርድ ቤት አግዶት ይሆናል፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ ሆኖ ቀረጡ ሳይከፈል ስም የማይዛወርም ይኖራል። «በውክልና ይሸጣል» ሲሏችሁ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስቡ። ወካዩ ውክልናውን ሊሽር ይችላል፣ ሰው ነውና ሊሞትም ይችላል፣ ያኔ ገንዘባችሁን ከፍላችሁ ወረቀት ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ከባለቤቱ ጋር ፊት ለፊት ፈርሙ።

ኪሎ ሜትር ላይ ብዙ አልቆይም፣ ሰዓቱን፣ ማለትም ቆጣሪውን፣ ወደ ኋላ መመለስ ቀላል ሥራ ነው። ግን ሌላ ምስክር አለ። ሞተር ክፍሉ ውስጥ ወይም በሩ ጥግ ላይ የዘይት ለውጥ ካርድ ይንጠለጠላል ወይም ይለጠፋል፣ «በዚህ ኪሎ ሜትር ተቀየረ፣ በዚህ ይቀየራል» ይላል። ሰዓቱ 90 ሺህ እያለ ካርዱ 160 ሺህ ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳ፣ የሾፌሩን ወንበር ጠርዝም እዩ። ብዙም ያልሄደ መኪና ፔዳሉ ተላጭቶ አይገኝም።

ከዚያ አካሉ። በጠዋት ብርሃን እዩት፣ ማታ በመንገድ መብራት ወይም በዝናብ መኪና አይገዛም። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ባለው የአካል ክፍል) እና በበሮቹ ላይ አስኪዱት፣ የማይይዝበት ቦታ ካለ ሥሩ ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ፣ ማለትም የተጎዳ አካል መሙያ ልስን ነው። ፓራውልቱ (የፊትና የኋላ መከላከያው) ፕላስቲክ ስለሆነ እሱን ተዉት። የኮፈኑና የበሮቹ ማጠፊያ ቡለኖች ቀለማቸው ተልጦ ከሆነ በመፍቻ ተፈተዋል ማለት ነው። መስታወቶቹ ጥግ ላይ ያለው ማህተም ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ አንዱ ብቻ ከተለየ፣ እሱ ለምን እንደተቀየረ ጠይቁ። ጎማው ላይ በአራት አሃዝ የተመታ ቁጥር አለ፣ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ያረጀ ጎማ ጥርሱ ቢኖርም ጎማ አይደለም። ቀኝ መሪ ሆኖ ተሠርቶ ወደ ግራ የተዛወረ መኪናም አለ፣ ዳሽቦርዱ ሥር ጎንበስ ብላችሁ የተቆረጠ፣ የተበየደ ወይም በጎማ የተደፈነ ቀዳዳ ፈልጉ።

ሞተሩን ግን ቀዝቅዞ አግኙት። ለባለቤቱ «ሳላያት አታስነሳት» በሉትና ስትደርሱ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ምክንያት አለው። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየበላ ነው። ነጭና የማያቋርጥ ከሆነ የራዲያተር ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጣችሁ እዩ፣ ከሥሩ ወተት የበዛበት ማኪያቶ የሚመስል አረፋ ካለ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ችግር አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ዲያግኖስቲክ ማሽን ማስገባት ጥሩ ነው፣ ግን ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራውን የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ትናንት አጥፍተውት ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱት፣ ዳገትም ይኑርበት።

መካኒኩ የእናንተ ይሁን። ደላላው ያመጣው መካኒክ የደላላው ነው። መኪናውን ከፍ አድርጎ ከሥሩ የሚያሳያችሁ ጋራዥ ምረጡ፣ የአክስቴ ልጅ ለዚህ ጥቂት ብር ቢከፍል ኖሮ ያችን ብየዳ ከሥሯ በአምስት ደቂቃ ያያት ነበር። ኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ደግሞ የባትሪው ጤንነት በመቶኛ ስንት እንደቀረ በማሽን ሳታስነብቡ ስለ ዋጋ አታውሩ።

አሁን ቦሎ ራሱ እንዴት እንደሚጠቅማችሁ ልንገራችሁ። ጊዜው ሊያልቅ የተቃረበ መኪና ካገኛችሁ ቅር አይበላችሁ። ለሻጩ «አዲሱን ቦሎ አብረን እናውጣ፣ የምርመራውን እኔ እከፍላለሁ» በሉት። እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል። እሺ ካለ አብራችሁ ሂዱ፣ የጎማዎቹን ቁጥር ቀድማችሁ ፎቶ አንሱ፣ ፍሬኑ ሲለካ እዚያው ቁሙ፣ የግራና የቀኙ ጎማ የፍሬን ቁጥር ሲወጣ አንብቡ፣ መርማሪው ከሥር ሆኖ ፊቱን የሚያጨማድድበት ነገር ካለም እዚያው ጠይቁት።