«በራሴ ሳንባ ማን ምን አገባው?» ላለኝ ልጅ

ባለፈው እሁድ ከጉባኤው በኋላ ሁሉም ሲበተን አንድ ልጅ ቀረ። እዚሁ ደሴ ያደገ፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ ስልክ ከእጁ የማይለይ። «መምህር፣ ካናዳ ጋንጃ ፈቅዳለች፣ ጀርመንም ፈቅዳለች። እዚያ ወንጀል ካልሆነ እዚህ ለምን ኃጢአት ይሆናል? ደግሞስ በራሴ ሳንባ ማን ምን አገባው?» አለኝ። ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት። የናንተም ልጆች ይህንኑ ስለሚጠይቁ እዚህ ልመልሰው።

ያለው ነገር እውነት ነው። ኡራጓይ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ካናዳ በ2018፣ ጀርመን በ2024 ለአዋቂዎች ፈቅደዋል። ይፈቀድ ብለው የሚሟገቱት ሁሉ ሱሰኞች ናቸው ማለትም ሐሜት ነው። «ወጣቱን በአንዲት ጥቅልል አስረን ዕድሜውን ከምናበላሽ፣ ገበያውንም ለወንበዴ ከምንተው፣ በሕግ እንቆጣጠረው» ነው የሚሉት። ቀላል ክርክር አይደለም። ዕፁ መድኃኒት ይወጣዋል የሚሉትም አልዋሹም፣ ለከባድ የሚጥል በሽታ የሚሰጥ አለ። በኛ አገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ከልክሎታል። ሕጉ ይህን ይበል እንጂ ልጁ የጠየቀኝ ስለ ፖሊስ አልነበረም።

ቆሮንቶሶችም ይህችን አባባል ይወዷት ነበር፤ «ሁሉ ተፈቅዶልኛል»። ቅዱስ ጳውሎስ አልተፈቀደላችሁም ብሎ አልጮኸባቸውም። ሁሉ ግን አይጠቅምም አለና ቀጥሎ ምንም ነገር በእኔ ላይ አይሰለጥንብኝም አለ። ልብ በሉ፣ መብት ብለህ የጀመርከው ነገር ሳታጨስ እንቅልፍ የሚነሳህ ቀን ነጻው አንተ ነህ ወይስ እሱ? ይቺን ለልጁ ነገርኩት፣ ሳቅ አለ። አላሳመንኩትም። እውነት ለመናገር እኔም ብሆን በዚች ብቻ አላምንም ነበር።

ያኔ ኦሪት ዘዳግም 22፣ ቁጥር 8ን አወጣሁለት። አዲስ ቤት ስትሠራ በጣራው ዙሪያ መከታ አድርግ ይላል፣ ሰው ወድቆ ደሙ በቤትህ ላይ እንዳይሆን። የኛ ቤት ቆርቆሮ ስለሆነ ድመት ካልሆነች ማንም አይወጣበትም፣ በዚያ አገር ግን ጣራው ጠፍጣፋ ነው፣ ሰው ይቀመጥበታል፣ ጴጥሮስም የጸለየው ሰገነት ላይ ወጥቶ ነበር። እንግዲህ እዩት፤ ቤቱ የራስህ ነው። ጣራውም የራስህ ነው። እግዚአብሔር አትሥራ አላለህም። የሚጠይቅህ ስለሚወድቀው ሰው ነው።

ሐረጎን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፣ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው ገደል፣ ጉም የወረደ ቀን ደግሞ ፊት ያለው መኪና አይታይም። አንድ ምሽት በሚኒባስ ስወርድ ሹፌሩና ረዳቱ የሆነ ነገር ይቀባበሉ ነበር። ሽታው የሲጋራ አልነበረም። መስኮት ከፍተዋል፣ ይስቃሉ። አንዱ ጥምዝ ላይ ከባድ መኪና ከታች መጣና ሹፌሩ ፍሬን የያዘው ሁላችንም ከጮህን በኋላ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ያ አላህ!» ብለው ክንዴን ጨመቁት፣ እኔም «ሚካኤል!» ብያለሁ። መብራት ሲያርፍበት የመንገዱ ዳር ድንጋይ አንድ ቦታ ላይ ተሰብሮ ታየኝ። ከኛ በፊት የሄደበት ሰው አለ ማለት ነው።

ዕፁ የሚሠራው እንዲህ ነው። ጊዜና ርቀት ያሳስታል፣ እጅና እግር ዘግይተው ይታዘዛሉ፣ ሰውዬው ግን ደህና የሆነ ይመስለዋል። ሹፌሩ ያጨሰው በራሱ ሳንባ ነው። እኛ ደግሞ አሥራ ምናምን ነፍስ ከኋላው ነበርን።

የሚገርመው፣ ፈቀዱ የምንላቸው አገሮችም ቢሆኑ መከታውን አልረሱትም። ካናዳ ከ18 ዓመት በታች ላለ አይሸጥም አለች፣ ውጭ መያዝ የሚቻለውንም በ30 ግራም ወሰነች፣ በዚያው ዓመት አጭሶ በሚነዳ ሰው ላይ ሕጓን አጠበቀች። ጀርመን ትምህርት ቤትና የልጆች መጫወቻ አጠገብ አይጨስም አለች። ያም ሆኖ ይቸገራሉ፣ ምክንያቱም ስካሩ በሰዓታት ሲለቅ ርዝራዡ ደም ውስጥ ቀናት ስለሚቆይ ፖሊስ ዛሬ ያጨሰውንና ከትናንት ወዲያ ያጨሰውን በቀላሉ አይለይም። እነሱ እንዲህ ከሆኑ ሐረጎ ላይ ማታ በሦስት ሰዓት ማን ይመረምርልናል? ለዚህ ነው እኔ በኛ አገር ይፈቀድ ከሚሉት ጋር የማልቆመው። ነገር ግን የተያዘን ልጅ ስም እያነሱ ቡና ላይ መሳቅም የክርስቲያን ወግ አይደለም። የወደቀው ከኛው ጣራ ነው፤ ከእስር ሲወጣ የሚቀበለው ንስሐ አባት ይፈልጋል፣ ሥራም ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ አልኩት። ልጁ ዝም ብሎ ሰማና ጫማውን እያየ፣ «እሺ መምህር፣ የጽዋ ማኅበሩ ጠላስ መከታ አለው? አምና ጋሼ ከማኅበር ሲመለሱ ቦይ ውስጥ አልወደቁም?» አለኝ።

ወድቀዋል። እኔ ነኝ ያነሳኋቸው።

የፊታችን 12 የሚካኤል ማኅበር ተረኛው እኔ ነኝ። ጌሾው ተገዝቷል፣ ብቅሉም ተሰጥቷል። ባለቤቴ ስንት ጋን እንጣል ብላ ስትጠይቀኝ እስካሁን አልመለስኩላትም።